ነጥብ አንድ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ድብርት ብሎኝ ነው የዋልኩት። ምንም የደረሰብኝ ነገር የለም። ያቺ የምታውቋት ድብርት ናት፣ ሳትደውል ነው የምትመጣው። ጠዋቱም ደመናማ ነበርና ተስማማን።

ልጽፍ የተነሳሁት እንኳ ስለ ጫማዬ ነበር። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ 11 ሰዓት ሥራ ቦታ ደረስኩ። በባትሪ እያበራሁ አውሮፕላኗን እዞራለሁ። ክንፉ ሥር ጎንበስ ብዬ የነዳጅ ናሙና በብርጭቆዋ ቀድቼ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ እያየሁ፣ የቀኝ ጫማዬ ሶል አፉን ከፈተ። ግማሹ እግሬ ላይ፣ ግማሹ መሬት ላይ። ሽማግሌው መካኒክ ደግሞ የእኔን ጉድ ሳያዩ አያልፉም። ትከሻዬ ላይ ያሉትን አራት የወርቅ መስመሮች አዩ፣ ቁልቁል ጫማዬን አዩ፣ "ካፒቴን፣ ከላይ ሙሽራ ከታች ለቀስተኛ ሆንክ እኮ" አሉኝ። ከዚያ አዘኑልኝ መሰለኝ ያንን የብር ቀለም ያለውን የአውሮፕላን ቴፕ አምጥተው ጠቀለሉልኝ። ይህ ቴፕ ክንፍ ላይ ተለጥፎ ነፋስ የሚቋቋም ነው። ዋጋውም የዋዛ አይደለም። እንደገመትኩት ቴፑ ከጫማው ይበልጣል።

ስለዚህ ነበር የምጽፈው። ግን ስንበር ዓይኔ ሰዓት ቆጣሪዋ ላይ ተተከለ።

ሆብስ ሜትር እንላታለን። ትንሽ ጥቁር መስኮት ናት፣ ቁጥር ብቻ ታሳያለች። እኛ ጋ ያለችው ሞተር ሲነሳ መቁጠር ትጀምራለች፣ ሞተር ሲጠፋ ታቆማለች። አንድ ሰዓትን ለአሥር ነው የምትከፍለው። ስለዚህ ነጥብ አንድ ማለት 6 ደቂቃ ነው። መነሻ ደሞዝ የሚባል ነገር አለኝ፣ ስሙን ከመጥራት አያልፍም። ኑሮዬ ያለው እዚያች መስኮት ውስጥ ነው። በበረርኩት ሰዓት ነው የሚከፈለኝ።

ስንሄድ 1.1 በረርን። ተሳፋሪዎቹ ሲወርዱ "እስከ ምሳ እንጨርሳለን" አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ፣ ቻርተር ላይ፣ ማለትም ደንበኛ አውሮፕላኗን ለራሱ ሲከራይ፣ "እስከ ምሳ" ማለት ምን እንደሆነ ስንት ዓመት አውቄው እያለ። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ጠበቅኳቸው። ወንበር ጠራረግሁ፣ የሻንጣ ክብደት እንደገና ደመርኩ፣ ክንፉ ሥር ተኛሁ፣ ጥላው ሲሄድ ተከትዬው ሄድኩ። ስልኬን ግን አላጠፋሁም፣ ምክንያቱም "መጣን" ካሉ መጡ ነው። ስንመለስ 1.2። ወረቀቱን ሞልቼ፣ አውሮፕላኗን አስሬና ሸፍኜ ስወጣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሆኗል። ሥራ ላይ የዋልኩት 14 ሰዓት፣ የሚከፈለኝ 2.3።

ያን ሁሉ ሰዓት ስጠብቅ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ሁሉን ነገር በነጥብ መቁጠር ጀመርኩ። ምሳ 0.2። ከእናቴ ጋር በስልክ 0.4፣ ከዚህ ውስጥ 0.3ቱ መቼ ነው የምታገባው የሚል ነው። ድብርት 8.4። ለዚህ ለመጨረሻው ቢከፈለኝ ኖሮ ይሄኔ የራሴ አውሮፕላን ይኖረኝ ነበር።

ስቀጠር አለቃዬ ስለ ገንዘብ ብዙ አላወሩም። "ሰዓት ታገኛለህ" ነው ያሉኝ። እኔም እንደ ጭማሪ ነው የሰማሁት። ከሥራው ውጭ ላላችሁ እንግዳ ይሆንባችኋል እንጂ በእኛ ዓለም ሰዓት ራሱ ገንዘብ ነው። የበረርከው ሰዓት የሚመዘገብበት ሎግ ቡክህ ካልወፈረ ትልቁ አየር መንገድ በር አይከፍትልህም። አሜሪካኖቹ እንዲያውም በሕግ አስረውታል፤ ከ2013 ጀምሮ የአየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን በጥቅሉ 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል፣ በፊት 250 ይበቃ ነበር። ታዲያ ከ250 እስከ 1,500 ያለውን መንገድ ልጁ የት ይሄደዋል? እንደኛ ያለች ትንሽ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነዋ! በተሰጠው ደሞዝ፣ ሻንጣ እየጫነ። በዚያ ላይ ደግሞ የስልጠና ውል አለ፣ ሳትጨርስ ከለቀቅክ ያወጣንብህን መልስ የሚል። እኔ የፈረምኩት 3 ዓመት ነው። ሳላነበው ነው የፈረምኩት፣ ደስ ብሎኝ ነበራ።

የሚገርመው ያ ሕግ የመጣበት ምክንያት ነው። በየካቲት 2009 እንደ ፈረንጆቹ፣ የአሜሪካው ኮልጋን ኤር በረራ 3407 ቡፋሎ ከተማ አጠገብ ወድቆ መሬት ላይ የነበረን አንድ ሰው ጨምሮ 50 ሰው ሞተ። ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ ነበራቸው እኮ! ረዳቷ ግን ሌሊቱን ሙሉ አገር አቋርጣ፣ ተሳፍራ ነበር ወደ ሥራዋ የመጣችው፤ ዋናውም አብራሪ በረራው በሚነሳበት አየር ማረፊያ ነበር ያደረው። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት አውሮፕላኑ ክንፌ ሊሸከመኝ ሊያቅተው ነው ብሎ ሲያስጠነቅቅ ካፒቴኑ የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው አሉ፣ ድካሙ ምን ያህል እንደጎዳቸው መወሰን አልቻሉም። ከዚያ በፊት ባለው ወር ደግሞ አውሮፕላኑን ወንዝ ላይ አሳርፎ 155 ሰው ያተረፈው ካፒቴን ሱለንበርገር፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ቀርቦ ደሞዜ 40 በመቶ ተቆርጧል፣ ጡረታዬም ቀርቷል ብሎ ተናገረ። ዓለም ሁሉ ጀግና ባለው በሳምንታት ውስጥ! እኔ በቴፕ የተጠቀለለ ጫማ አድርጌ ምን ልበል።

ይህን ሁሉ የማወራው ወደ ማታው ለመድረስ ነው። ልወጣ ስል ያቺ በረራ የምትመድበው የኦፕሬሽን ልጅ ደወለች። (ታውቋታላችሁ፣ መጥፎ ዜና ስትናገር ድምጿ የሚያምረው።) "ካፒቴንዬ፣ አንዲት ትንሽ በረራ አለች፣ ደርሶ መልስ 1.4 ብቻ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል መነሳት ነው።" ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው የተነሳሁት አልኳት። "ዘጠኝ ሰዓት አርፈሃል እኮ!" አለችኝ። ክንፍ ሥር፣ ስልክ ይዤ፣ ጥላ እያሳደድኩ የዋልኩት ነው ዕረፍት የተባለው። ልፈርድባትም አልችልም፣ እሷም የተሰጣትን ነው የምታነበው። ከሌሊቱ 10 የተነሳ ሰው ከምሽቱ 3 ሲሆን 17 ሰዓት ነቅቶ ይሞላዋል። በ1997 የወጣ አንድ ጥናት አለ፣ 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለው ሰው ነው የሚሠራው ይላል። ጠጥቼ ብመጣ የምታባርረኝ ልጅ ሳልጠጣ ሰክሬ እንድበር ነው የምትለምነኝ። የምበረውም ብቻዬን ነው፣ አጠገቤ "ኧረ ቀስ" የሚለኝ ሰው የለም።

እና እምቢ አልኩ? አላልኩም። እሺም አላልኩም። "እስቲ ልየው" ነው ያልኩት። ምኑን ነው የማየው? ከባለፈው ወር ጀምሮ ምን ያህል ሰው እምቢ ብሎ ፕሮግራሙ እንደሳሳበት አውቃለሁ። ማንም አይቆጣህም፣ ማንም አይቀጣህም፣ ዝም ብሎ ስልክህ አይጠራም። ስልክ ካልጠራ ነጥብ የለም።

መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ 0.3 አሰብኩ። ከዚያ ደግማ ደወለች። ደመናው ወርዷል፣ በረራው ተሰርዟል። ደመናው እምቢ አለልኝ።

ይኸው እስካሁን የማልመልሰው ጥያቄ እሱ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆን ኖሮ ምን እል ነበር? ለእናንተ "በፍጹም" ብዬ ብጽፍ ያምርብኝ ነበር። ግን ስልኩን ስዘጋ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ አልነበረም። እጄ ካልኩሌተሩን ከፍቶ 1.4ን ሲያባዛ አየሁት።