ሶል የምትባል ኖታ ስፒከሬን አሸጠችኝ

ክፍሌ ርዝመቱ 3.5፣ ወርዱ 2.9፣ ከፍታው 2.6 ሜትር ነው። አሁን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ስፒከር ልገዛ የሄድኩ ዕለት ግን አንዱንም ቁጥር አላውቅም ነበር። የማውቀው የምመኘውን ብቻ ነው፤ ወለል ላይ የሚቆሙ፣ ደረቴ ጋ የሚደርሱ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ባለ 20 ሳንቲሜትር ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክብ) የያዙ ስፒከሮች። መሸጫው ጣሪያው የራቀ ሰፊ አዳራሽ ነበር። ሰማሁ፣ ወደድኩ፣ የዓመታት ጥሪቴን ከፈልኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው።

የመጀመሪያዋን ማታ አልረሳትም። ቤዝ ጊታሩ ወጣ ወረድ ሲል ሶል ላይ በደረሰ ቁጥር ክፍሉ ያጓራል፣ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ ዘፋኙ ከጩኸቱ ሥር ይቀበራል። «ላ» የምትባለውን ኖታ አለፍ ብሎ «ሲ» ጋ ሊደርስ ሲል ደግሞ ተጫዋቹ እጁን ከክሩ ያነሳ ይመስል ጭጭ። ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆም ስል ቤዙ እዚያ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። እንግዲህ ያን ሁሉ ገንዘብ አፍስሼ ከኮሪደር የማዳምጥ ሰው ሆንኩ ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጡት ወራት ያሳፍሩኛል። አምፕሊፋየር ቀየርኩ። ገመድ ቀየርኩ (ስለ ገመዱ ባናወራ ይሻላል)። ግድግዳውን ሦስት ሳንቲሜትር ውፍረት ባለው ስፖንጅ ለበጥኩት። ስፖንጁ ከላይ ያለውን ድምፅ፣ የጸናጽሉንና የክራሩን ጥራት፣ ጠጥቶ ቤዙን እንዳለ ተወው። ክፍሉ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ጆሮ መሰለ፤ ሶል ግን እንደወትሮዋ ታጓራለች። የእንቁላል ካርቶን ለጥፍ ያሉኝም ነበሩ፤ እሱስ ቤዙን ጭራሽ አይነካውም።

መለካት የጀመርኩት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ የመለኪያ ማይክሮፎን ገዛሁ፣ ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ጫንኩ፣ ማይኩን ጭንቅላቴ በሚያርፍበት ቦታ አቆምኩት። ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚወጣ ፉጨት ከተለቀቀ በኋላ ስክሪኑ ላይ የተሳለው መስመር 49 ሄርዝ (በሰከንድ 49 ንዝረት) ላይ 14 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) የሚያህል ተራራ፣ 59 አካባቢ ደግሞ ገደል ነበረው።

ምክንያቱ ከስፒከሩ አልነበረም። ድምፅ በተራ የክፍል ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ፣ ማለትም ለ7 ሜትር ስናካፍለው 49 ይመጣል። በዚያ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከግድግዳ ግድግዳ የሚመላለሰው ሞገድ ራሱን በራሱ እየደገፈ ይቆማል፤ ግፊቱ ግድግዳዎቹ ጋ ያብጣል፣ መሀል ላይ ይሞታል። 49 ሄርዝ በቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ላይ ያለችው ሶል ናት። እጥፏ 98ም ሶል ናት። ክፍሌ ለካ በሶል የተቃኘ መሣሪያ ኖሯል! ወርዱን በዚሁ መንገድ ብናሰላው 59 ይሰጣል። የእኔ ወንበር ደግሞ ከወርዱ አንጻር ልክ መሀል ላይ፣ ያ ሞገድ ግፊት በማይኖረው ቦታ ላይ ነበር። ከርዝመቱ አንጻር ጀርባዬ ግድግዳ ነክቷል፤ ለ49 ከዚያ የከፋ ቦታ የለም።

ወንበሩን ጎትቼ ከኋላው ግድግዳ 1.3 ሜትር አራቅኩት። ሌላ ምንም አልነካሁም። 14 የነበረው ተራራ ወደ 6 ወረደ። ከአምፕሊፋየሩም ከገመዱም ከስፖንጁም የበለጠ ለውጥ ያመጣው ይህ አምስት ደቂቃ ያልፈጀና አንድ ሳንቲም ያላስወጣ ሥራ ነው። እውነቱን ለመናገር ከደስታው ይልቅ ብስጭቱ ባሰኝ።

ሽሮደር የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ያስቀመጠው ድንበር አለ። ድምፅ ክፍሉ ውስጥ እስኪሞት የሚወስደውን ሰከንድ ለክፍሉ ይዘት በሜትር ኩብ ያካፍሉታል፣ ስኩዌር ሩቱን አውጥተው በ2,000 ያባዙታል። የእኔ 26 ሜትር ኩብና 0.4 ሰከንድ ወደ 250 ሄርዝ ያመጣል። ከዚያ በታች የምሰማውን በአብዛኛው የሚወስነው ክፍሉ ነው፤ ከዚያ በላይ እየወጣን ስንሄድ ስፒከሩ ይረከባል። አዳራሽ ውስጥ ይህ ድንበር በጣም ዝቅ ስለሚል መሸጫው ውስጥ የሰማሁትና ቤቴ ያመጣሁት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። የሻጩ ጥፋት አይደለም፤ ክፍልህ ምን ያህላል ብሎ ባይጠይቀኝም እኔም አልነገርኩትም።

ታዲያ ትልልቆቹን ይዤ ወንበሩን ማንቀሳቀስ አይበቃም ነበር? ሞከርኩት። አሁን በእኔና በስፒከሮቹ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሜትር ብቻ ሆነ። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር ጆሮዬ ጋ፣ የታችኛው ዉፈር ጉልበቴ ጋ፤ እንዲህ ተራርቀው የተደረደሩ ሾጣጣዎች ድምፃቸው ተዋሕዶ አንድ እስኪሆን ርቀት ይፈልጋሉ። በዚያ ቅርበት ዘፋኟ ከላይ፣ ደረቷ ከታች ሆነው ተለያዩብኝ። ሸጥኳቸው። የከሰርኩትን አልናገርም።

ሁለተኛው ምርጫ ከፍላጎቴ ሳይሆን ከሜትሩ ጀመረ። ቤዙን እስከ መጨረሻው ድረስ የሚያወርድ ስፒከር አያስፈልገኝም፤ ክፍሉ ራሱ ይጨምርበታል። ስለዚህ የአየር ቀዳዳ የሌለውን ዝግ ሳጥን አስቀደምኩ። ቀዳዳ ያለው እስከ ታች ድረስ ጉልበቱን ይዞ ይወርድና ከዚያ በአንድ ኦክታቭ (ፍሪኩዌንሲው በግማሽ በቀነሰ ቁጥር) 24 ዴሲቤል ገደማ ይወድቃል፤ ዝጉ መውደቅ ቀደም ብሎ ቢጀምርም ቁልቁለቱ 12 ገደማ ስለሆነ ትንሽ ክፍል ከሚጨምረው ጋር ይስማማል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ቢቢሲ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከስቱዲዮ ውጭ ለሚያሰራጭባቸው ጠባብ መኪኖች ኤልኤስ3/5ኤ የሚባለውን ስፒከር ሲሠራ የመረጠው ባለ 11 ሳንቲሜትር ዉፈር ትንሽ ዝግ ሳጥን ነው። ነጎድጓድ አይወጣውም፤ የሰው ድምፅ ላይ ግን ዛሬም ይከበራል።

ሌላው ያየሁት ስፒከሩ ወደ ጎን የሚረጨውን ድምፅ ነው። የጎኑ ግድግዳ 70 ሳንቲሜትር ላይ ስላለ ግድግዳውን ነክቶ የሚመጣው ድምፅ ከቀጥታው የሚዘገየው 3 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ጆሮ ለይቶ አይሰማውም፣ ቀላቅሎ ነው የሚሰማው። ጎኑ የተበላሸ ስፒከር ፊቱ ቢያምር ምን ይጠቅማል? የድምፅ ተመራማሪው ፍሎይድ ቱል በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ በኋላም ሃርማን በሚባለው የድምፅ መሣሪያ ኩባንያ፣ ሰዎችን ስፒከሩን ሳያዩ እያስደመጠ ያገኘው ይኸው ነው፤ አድማጭ የሚመርጠው ፊት ለፊቱ የተስተካከለ፣ ወደ ጎንም ሳይንገዳገድ ቀስ ብሎ የሚቀንስ ድምፅ ያለውን ነው። የእንግሊዙ ስፒከር ሠሪ ኬኢኤፍ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኪው በሚለው አሠራሩ ትዊተሩን የዉፈሩ እምብርት ላይ የሚተክለውም ድምፁ ከአንድ ነጥብ እንዲወጣ ነው፤ ቀርቦ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ይመቻል።

ሦስት ጥንድ ተውሼ ወደ ቤት አመጣሁ። ሁለተኛ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ ሰምቼ አልገዛም። ጓደኛዬ ከስስ ጨርቅ ጀርባ እያፈራረቀ አስቀመጠልኝ። ከዚያ በፊት ግን ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን ሹሹታ ለቀን የሦስቱንም ጉልበት በመለኪያው እኩል አደረግን፤ አንድ ዴሲቤል የጮኸው ሁልጊዜ ቆንጆ ይመስላልና ይህን የዘለለ ሰው ፈተናው ከንቱ ነው። በጣም ውዱ ሦስተኛ ወጣ። ጓደኛዬ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ውዱን እንደገና አስገባነው። አሁንም ሦስተኛ። ያሸነፈው ትንሹ ዝግ ሳጥን ነው፤ ስሙን የማልጠራው ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ነው። አንድ ዋት ሲሰጠው አንድ ሜትር ላይ 84 ዴሲቤል ብቻ የሚሰጥ ሰነፍ ነው፤ ቢሆንም በ1.5 ሜትር ርቀት አምፕሊፋየሬ ላብ አያወጣም።

የቀረው ቶሎ አለቀ። ስፖንጁን ነቅዬ መስታወት ግድግዳው ላይ እያንሸራተትኩ ከወንበሬ ሆኜ ትዊተሩ በታየኝ ቦታ ላይ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ቃጫ ሰቀልኩ። ትንሽ ሰብዉፈር፣ ማለትም ለቤዝ ብቻ የሚሠራ ስፒከር፣ ጨመርኩ። ቦታውን ለማግኘት ሰብዉፈሩን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ እኔ በእንብርክክ ወለሉን ዞርኩ፤ ቤዙ እኩል የተሰማበት ማዕዘን የእሱ ቦታ ሆነ። የተረፈውን የ49 ተራራ፣ የተመረጠ ፍሪኩዌንሲን በሚቀንሰውና በሚጨምረው ኢኳላይዘር ቆረጥኩት። የ59ኙን ገደል በኢኳላይዘር ለመሙላት ሞክሬ ነበር፤ ዉፈሩ እንደ እብድ ሲዘል ጆሮዬ ጋ የደረሰ ነገር የለም። ዛሬም ጠበበ እንጂ አልተደፈነም፤ ከእሱ ጋር ለመኖር ተስማምቻለሁ። በሩም ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፣ የግራው ስፒከር መቆሚያ ይገታዋል።

ትልልቆቹን የገዛኝ ሰው ባለፈው ጊዜ ጠራኝ። ሳሎኑ የእኔን ክፍል ሦስት አራት ጊዜ ይውጣል። ያቺኑ የመጀመሪያዋን ማታ ሙዚቃ እንዲከፍት ለመንኩት፤ እጄ የወንበሩን መደገፊያ ጨምድዶ ይዞ ጠበቅኩ። ሶል መጣች፣ እንደ ጎረቤቶቿ ዝም ብላ አለፈች። ሰውዬው «ለምን ሸጥካቸው?» አለኝ። ሜትር ቤት ውስጥ ይኖረው እንደሆነ ጠየቅኩት።