ሰርቨር ከመዝጋት በፊት

ዛሬ ከሰዓት ደሴ ላይ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየው) መጮህ ሲጀምር ቢሮው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እነሱ የሚሉት «ቶሎ አጥፋው» ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ማን ምን ፋይል ከፍቷል የሚለው ነው።

የፋይል ሰርቨራችን ሊኑክስ ነው። ፋይሎቹን ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮቹ በሳምባ፣ ለሊኑክሶቹ በኤንኤፍኤስ ያጋራል፤ ሁለቱም ፋይል በኔትወርክ ማጋሪያ መንገዶች ናቸው። የሁለቱ ጠባይ ለየቅል ነው። ሳምባ ሲቆም ግንኙነቱ ወዲያው ይቋረጣል፤ ያልተቀመጠ ሥራ ካለ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ኤስኤምቢስታተስ የሚለውን ትዕዛዝ ሰጥቼ አያለሁ። ማን እንደገባና የትኛውን ፋይል እንደያዘ ይዘረዝርልኛል። ዛሬ የደመወዝ ሰንጠረዡ ተከፍቶ አገኘሁት። ሂሳብ ክፍል ሄጄ ለከፈተችው ሠራተኛ ነገርኳት። «ወንድምዓለም፣ ትንሽ ጠብቀኝ፣ ሴቭ ላድርገው» አለችኝ። ላፕቶፗ ባትሪ ነበረው፣ ጠበቅኳት።

ኤንኤፍኤስ ግን ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚያስቸግረው። የተጋራው ፎልደር በተለመደው ሃርድ ማውንት (ሰርቨሩ እስኪመለስ በሚጠብቀው የማያያዣ ዓይነት) ከተያያዘ፣ ሰርቨሩ ሲጠፋ የደንበኛው ማሽን (ፎልደሩን የሚጠቀመው ኮምፒውተር) ስህተት አያሳይም፤ ይጠብቃል። ያንን ፎልደር የነካ ፕሮግራም ሁሉ ደርቆ ይቀራል። በኪል ትዕዛዝ በግድ ልትዘጉት ብትሞክሩም እሺ ላይል ይችላል። አንዳንዱ ማሽን ሲዘጋ እንኳ መሃል ላይ ይንጠለጠላል። «ታዲያ ለምን ሶፍት ማውንት አታደርገውም?» የሚሉኝ አሉ። አልስማማም። ሶፍት ጊዜው ሲያልፍ ተስፋ ቆርጦ ለፕሮግራሙ ስህተት ይመልሳል፤ የሚጻፍ ፋይል ካለ ግማሹ ላይ ሊቀር ይችላል። መጠበቁ ቢያናድድም ዳታውን ያተርፋል።

ስለዚህ የምጀምረው ከደንበኞቹ ነው። እነሱ ላይ አንማውንት አደርጋለሁ፤ ማለትም የተጋራውን ፎልደር አላቅቃለሁ። «ቢዚ ነኝ» ካለ በፊዩዘር ትዕዛዝ የያዘውን ፕሮግራም ፈልጌ በሰላም እዘጋዋለሁ። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ ማጋራቱን በኤክስፖርትኤፍኤስ ትዕዛዝ እሰርዛለሁ፣ አገልግሎቱን አቆማለሁ፣ በመጨረሻ ዲስኩን አላቅቃለሁ።

ማስነሳቱ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ዲስኩ ይቀድማል። ይህን ሰው ብዙ ጊዜ ይንቀዋል። ዲስኩ ሳይያያዝ አገልግሎቱ ከተነሳ የሚጋራው ባዶ ፎልደር ነው። ያየ ሁሉ «ፋይሌ ጠፋ!» ብሎ ይደነግጣል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ መጻፍ የጀመረ ካለ ነው። ሥራው የሲስተሙ ዲስክ ላይ ያርፋል፤ ትክክለኛው ዲስክ ሲያያዝ ደግሞ ከሥሩ ተሸፍኖ አይታይም። መድኃኒቱ ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ ነው፤ በአገልግሎቱ ፋይል ላይ «ሪኳየርስ ማውንትስ ፎር» የሚለውን መስመር ከነዲስኩ አድራሻ መጻፍ። ዲስኩ ከሌለ አገልግሎቱም አይነሳም። ባዶ ከማጋራት አለመነሳቱ በጣም ይሻላል።

መብራት ሲመለስ ሁሉም በየወንበሩ «አሁንም አልሠራም» ይላል። ኤንኤፍኤስ ሲነሳ በተለመደው ቅንብር 90 ሰከንድ ያህል የግሬስ (የእፎይታ) ጊዜ አለው። ቀድሞ ሌላ እንዳይነካባቸው ፋይል ቆልፈው የነበሩ ደንበኞች ቁልፋቸውን መልሰው የሚይዙበት ነው። በዚህ መሃል አዲስ ቁልፍ የሚጠይቅ ይጠብቃል። እኔም ጠብቁ እላለሁ። ደግማችሁ አታጥፉት፤ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

ቅንብር ለመቀየር ብቻ ከሆነ ደግሞ ማቆምም አያስፈልግም። ኤክስፖርትኤፍኤስ ዝርዝሩን እንደገና ያነበዋል። ሳምባም የቅንብር ፋይሉ በቴስትፓርም ትዕዛዝ ከተፈተሸ በኋላ ሪሎድ (ቅንብሩን እንደገና ማስነበብ) ይበቃዋል።

ነገ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ቅርንጫፋችን እሄዳለሁ። እዚያ ያለው ሰርቨር ላይ ያ የዲስክ መስመር ገና አልገባም፤ መጀመሪያ የማስገባው እሱን ነው።