ፒችትሪ አዲሱ ዊንዶውስ ላይ አልነሳ ሲል

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ወደ 11 መሻገር ግድ እየሆነ ነው። አዳማ ፍራንኮም ሆነ ፖስታ ቤት አካባቢ ቢሮ ያለው የሒሳብ ሠራተኛ ቀድሞ የሚጠይቀው ግን «የሒሳብ መዝገብ የምንይዝበት ፕሮግራም፣ ፒችትሪ 2010፣ ይነሳል ወይ?» ብሎ ነው። ለዊንዶውስ 11 የተሠራ ባይሆንም ብዙ ጊዜ ይነሳል። አልነሳም ሲል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ፕሮግራሙ የተደገፈበት ነገር ነው።

በሐምሌና በነሐሴ፣ ግብር በሚጣደፍበት ጊዜ፣ ይህን ሥራ አትጀምሩ።

ከድሮው ማሽን ላይ መጀመሪያ ፋይል ከሚለው ገብታችሁ ባክ አፕ አድርጉ፤ መጨረሻው ፒቲቢ የሆነ ፋይል ይወጣል። ሲ ድራይቭ ላይ ሴጅ፣ ከዚያ ፒችትሪ ውስጥ ያለውን የካምፓኒ ፎልደርም እንዳለ ገልብጡ። ሁለቱንም በሁለት ፍላሽ ያዙ። ሲሪያል ቁጥሩንም ጻፉ። አዲሱ ማሽን ላይ የሚጫነው ያው 2010 ይሁን፤ በኋለኛ ቨርዥን አንዴ የተከፈተ ዳታ ወደ 2010 አይመለስም።

አዲሱ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ከኮንትሮል ፓነል የዊንዶውስ ፊቸርስ ዝርዝር ውስጥ የቆዩ ፕሮግራሞች የሚደገፉበትን ዶት ኔት 3.5ን አብሩ። ከኢንተርኔት ስለሚወርድ ኔትወርክ ደህና በሆነበት ሰዓት አድርጉት። ከዚያ ሴትአፑን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር»። ካለቀ በኋላ የፒችትሪው አይከን ላይ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ዊንዶውስ 7 የሚለውን ምረጡ።

ተጭኖ፣ ባክ አፑም ሪስቶር ተደርጎ ካምፓኒውን ካልከፈተ አብሮት የሚጫነውን የዳታቤዝ ፕሮግራም፣ ፐርቫሲቭን፣ ጠርጥሩ። ዳታውን የሚያነበው እሱ ነው። ፋየርዎል ወይም አንቲቫይረስ ሲይዘው ፒችትሪ ዝም ብሎ ይንጠለጠላል። በኔትወርክ የምትሠሩ ከሆነ ሰርቨሩ ላይ ቲሲፒ ፖርት 1583 እና 3351 ይከፈቱ። ፋየርዎሉን ጨርሶ ማጥፋት ግን መፍትሔ አይደለም፣ እባካችሁ።

ሌላው የሚረሳው ፊደል ነው። በድሮዎቹ፣ ዩኒኮድ ባልሆኑት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይዘበራረቃል። ጽሑፉ አልጠፋም። ፎንቶቹን ከድሮው ማሽን የዊንዶውስ ፎንትስ ፎልደር ገልብጡ፤ ስትጭኑ «ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ» በሉ። ዝም ብሎ ኢንስቶል ከተባለ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ሊገባና የቆዩ ፕሮግራሞች ላያዩት ይችላሉ።

በዶስና በዊንዶውስ 3.1 ዘመን የተሠራ ባለ 16 ቢት ፕሮግራም ግን ዊንዶውስ 11 ላይ በምንም መንገድ በቀጥታ አይነሳም። በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ የሚያስነሳውን ቨርቹዋልቦክስ ጭናችሁ፣ ውስጡ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 አስገቡ፤ 2 ጊጋ ራምና 32 ጊጋ ዲስክ ይበቃዋል። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ በ2012 ዓ.ም. ስላበቃ ከኢንተርኔት አታገናኙት።

የድሮውን ዲስክ ለማጥፋት አትቸኩሉ። የሰኔ 30ን ትራያል ባላንስ ከሁለቱም ማሽኖች አትማችሁ መስመር በመስመር አስተያዩ። አንድ ሳንቲም ከተለያየ ፎርማት ይቆይ።