ጦርነት ለምን ይናፍቃል? ከግንባር የተመለሰ ሰው ቤታችሁ ላለ

ከግንባር የተመለሰ ሰው «እዚያው ብቀር ይሻለኝ ነበር» ሲል ቤተሰብ ይደነግጣል። እናት ልጇ ደም የለመደ ይመስላታል፤ ጎረቤት «ጭንቅላቱ ተነክቷል» ብሎ ያወራል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ተሳስተዋል። የሚናፍቀው ውጊያ ለሰውነቱና ለኑሮው ይሰጠው የነበረው ነገር ነው። ያንን ለይቶ ማወቅ ይቻላል፤ ከፊሉንም በሌላ መተካት ይቻላል። ሰንዳፋ፣ ቡራዩ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ በአዲስ አበባ ዳር ዳር እንዲህ ያለ ባል፣ ወንድም ወይም ልጅ ላላችሁ ነው የምጽፈው።

ከሰውነት እንጀምር። ተኩስ ሲከፈት አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ የጎን እይታ ይጠባል። አንዳንዱ የገዛ መሣሪያውን ድምፅ እንኳ በቅጡ አይሰማም። ሕመምም ይደነዝዛል። በ1990 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት፣ የጦርነት ጭንቀት ያልለቀቃቸው 8 የቬትናም ዘማቾች የውጊያ ፊልም ለ15 ደቂቃ ሲያዩ የሕመም ስሜታቸው በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሞርፊን የተባለውን ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጣቸው ግን ይህ አልታየም። ሰውነት ሞርፊን መሰል ነገር ራሱ ያመርታል፤ ለዚያውም በፊልም ብቻ።

ከዚህ የሚከብደው ድግግሞሹ ነው። ሪቻርድ ሰሎሞንና ጆን ኮርቢት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ ፓራሹት ዘላዮች ጽፈዋል። ጀማሪው ሲዘል በድንጋጤ ይሞላል፤ መሬት ሲነካ ፈዝዞ ይቆይና ይረጋጋል። ብዙ ጊዜ የዘለለው ግን ፍርሃቱ ያንሳል፣ ከዝላዩ በኋላ የሚመጣው ደስታ ደግሞ እየበረታ ለረጅም ሰዓት ይቆያል። ብዙ ውጊያ ያየ ወታደርም ወደዚሁ ይጠጋል። ሠርግ፣ ኳስ፣ የልጅ ልደት ሁሉ ውሃ ውሃ ቢለው ቤተሰቡን ስለጠላ አይደለም።

ማጥቃቱ ራሱ የሚጥመው ሰውም አለ። የኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሩዋንዳ፣ በኡጋንዳና በኮንጎ የቀድሞ ተዋጊዎችን አነጋግረው ይህን መዝግበዋል። ይህን መካድ አይጠቅምም። ሰውዬው ያንን ስሜት የሚናገርበት ቦታ ሲያጣ አውሬ የሆነ ይመስለዋል፤ ከዚያ ዝም ይላል።

ሁለተኛው ነገር ጓድ ነው። ኤድዋርድ ሺልስና ሞሪስ ጃኖዊትዝ በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ወታደሮች እስከ መጨረሻው የጸኑት ከፖለቲካው ይልቅ አብረዋቸው ላሉት ጥቂት ሰዎች ብለው መሆኑን አሳይተዋል። እኛም ጋ ያው ነው። ኮቾሮ ተካፍለው የበሉ፣ አንዱ ሲተኛ ሌላው የሚጠብቀው፣ ማን ግራ ማን ቀኝ እንደሚይዝ ሳይነጋገሩ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወጥቶ ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲገባ ፊት ለፊቱ ያለውን በር ማን እንደሚከፍተው አያውቅም። የጠዋቱ ሥራም እንደ ግዳጁ ግልጽ አይደለም፤ የት ይሂድ፣ ለማን ሪፖርት ያድርግ? በቀረርቶና በፉከራ የሚሸኝ ብዙ ነው፤ ሲመለስ የሚቀበለው ሥርዓት ግን ከንስሐ አባት በቀር እምብዛም የለም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ሥራው። በከተማው ዳር ለተመላሽ ወታደር ቶሎ የሚገኘው እንጀራ የሌሊት ጥበቃ ነው፤ ያላለቀ ሕንፃ፣ የቆርቆሮ ጎጆ፣ ከሰል፣ አንድ ዱላ ወይም ጠመንጃ። ለብዙዎቹ ከዚህ የከፋ ምርጫ የለም እላለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል፤ ምንም አይመጣም፣ የተወጠረው ሰውነትም አይፈታም። ቀን ደግሞ የሰፈሩ ጫጫታ አያስተኛውም። እንቅልፉን ለማባረር ጫት ይቅማል፤ ሲነጋ ለመውረድ ጨብሲ ይላል። ጫቱ ከፍ ያደርገዋል፣ አረቄው ያወርደዋል፤ የውጊያውን መውጣትና መውረድ በየቀኑ በገዛ እጁ እየሠራው ነው። አረቄ ቶሎ ቢያስተኛም የእንቅልፉን ሁለተኛ አጋማሽ ይሰብራል፤ ቅዠቱም ይብሳል። ጥበቃው ግድ ከሆነ የቀን ፈረቃ ወይም ሁለት ሆነው የሚሠሩበት ቦታ ይፈለግለት። ከዚያ የሚሻለው በቡድን የሚሠራ፣ ጉልበት የሚጠይቅና ማታ ላይ ውጤቱ የሚታይ ሥራ ነው፦ ብረት ማሰር፣ ፎርም ሥራ፣ ጋራዥ።

እድርን ብዙ ሰው አይገምተውም። እኩለ ሌሊት ላይ ሰው ሲሞት ከንጋት በፊት ድንኳን መተከል፣ ወንበር መቆጠር፣ ብረት ድስት ከዕቃ ቤት መውጣት አለበት። ሰዓቱ ጥብቅ ነው፣ ድርሻው የታወቀ ነው፣ ሰዎቹም አብረው ይደክማሉ። ለተመላሽ ወታደር «ና ተቀመጥ» አይበሉት፤ የድንኳኑን ቡድን ይስጡት። ቀብር ማየት የሚከብደው ከሆነ ግን ድንኳኑን ተክሎ ወደ ቤቱ ይሂድ።

ቤት ውስጥ ደግሞ፦ ተኝቶ ሳለ በእጅ አትወዝውዙት። ከበሩ ላይ ቆማችሁ በስሙ ጥሩት፣ ዓይኑን ሲገልጥ የት እንዳለ ንገሩት። «ስንት ገደልክ?» ብሎ የሚጠይቅ ዘመድ ካለ ቀድማችሁ አስጠንቅቁት። ሰፈራችሁ ከድንጋይ ካባ አጠገብ ከሆነ ድማሚት የሚፈነዳበትን ሰዓት ከሠራተኞቹ ጠይቁና ንገሩት፤ የሚያውቀው ፍንዳታ እንደ ድንገተኛው አያስደነግጥም። ሰውነቱ ሲወጠር 4 እየቆጠረ በአፍንጫው ያስገባ፣ 6 እየቆጠረ ያስወጣ፤ ለ5 ደቂቃ። ይህንን ደህና በሆነበት ሰዓት ይለማመደው፤ በጭንቀት መሀል ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሞከረ አይሠራም።

ማስወራቱን ለሠለጠነ ባለሙያ ተዉት። ለዚህ የተዘጋጀ «ናሬቲቭ ኤክስፖዠር ቴራፒ» የሚባል አንድ ሕክምና አለ። መሬት ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱ ከልደት እስከ ዛሬ ያለው ሕይወቱ ነው። ለደጉ ቀን አበባ፣ ለክፉው ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ራሱ ላደረሰው ጥቃት ደግሞ እንጨት ይቀመጣል። ከዚያ በየቀጠሮው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ለሚሆን ጊዜ አንድ በአንድ በቅደም ተከተል ይተርካል፤ የጣመውንም ሳይደብቅ። ባለሙያው ጽፎ በሚቀጥለው ያነብለታል። የሚበላሸው የአንዱ ድንጋይ፣ የክፉው ቀን፣ ታሪክ ተጀምሮ መሀል ላይ ሲቋረጥ ነው፤ ሰውነቱ ከፍርሃቱ ሳይወርድ ወደ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ የጊዜ ችኮላ ያለበት ቀን ቀጠሮ አይያዝ።

ሞትን የሚያነሣ፣ ቤተሰብ የሚመታ ወይም ለቀናት እንቅልፍ ያጣ ከሆነ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ቅርብ ያለ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰዱት። ጠበል የሚጠመቅ ከሆነ ይጠመቅ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። መሣሪያ ቤት ውስጥ ካለ ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ፤ የሚያምነው የቀድሞ ጓዱ ወይም ታላቅ ወንድሙ በሕጋዊ መንገድ ይረከበው። ይህ ካልሆነ ጥይቱ ከመሣሪያው ተለይቶ ሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ፤ ይህንንም ሰውዬው ደህና በሆነበት ቀን አብራችሁ ተነጋግራችሁ ወስኑ።