«ትከይ፣ ማን ይከለክልሻል?»

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ደጃፉ ላይ ዛፍ ሊተክል ላሰበ የድሬዳዋ ሰው ነው። እኔን ማንም አልነገረኝም።

ያደግኩት ከዚራ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ በኋላ የተቀየሰ ሰፈር ነው፤ በቀትር እንኳ ከጥላ ጥላ እያሉ ይሄዱበታል። ሳቢያን ሰፈር ስንገባ ግን ደጃችን ራቁቱን ነበር። ሐምሌ 2012 ሦስት የኒም ችግኝ አመጣሁ። ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ፕላስቲኩን ቀድጄ ጣልኩ፣ ለፍየል የእሾህ አጥር ሠራሁ። በበጋ ለሦስቱ በሳምንት 6 ጀሪካን ውኃ አጠጣሁ።

ከመትከሌ በፊት ሰፈራችን ያለው ጽሕፈት ቤት ሄጄ ጠይቄ ነበር። ሰውየው ቀና ብሎም አላየኝ። «ትከይ፣ ማን ይከለክልሻል?» አለኝ። ፈቃድ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ጥር 2015 ከሥራ ስመለስ ደጄ ተቆፍሯል። የቧንቧ መስመር ነው አሉ። ቦዩ የሁለቱን ግንድ ታክኮ አልፏል። አውራ ጣቴን የሚያካክሉ ሥሮች በዶማ ተበጣጥሰው አፈሩ ላይ ተበትነዋል። ቆፋሪዎቹን አልወቅስም፤ መስመር ተሰጥቷቸው ነው የቆፈሩት። ወደ መንገዱ ፈቀቅ ቢሉ ግን ሥሮቹ ይተርፉ ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ ሦስት ቀን አመላለሰኝ። በሦስተኛው ቀን ያው ሰውዬ «ማን ትከይ አለሽ? ወረቀት አለሽ?» አለኝ። አልነበረኝም። «አይዞሽ፣ ክረምት ሲመጣ ችግኝ እንሰጥሻለን» ብሎ ሸኘኝ። ሁለት ዓመት ተኩል በጀሪካን ያሳደግኩትን በአንድ ችግኝ ሊተካልኝ! ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከዚያ የባሰውን ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ። ሁለቱ ቅጠላቸውን ሲያራግፉ አንደኛውን በንዴት በቀን ሠራተኛ አስነቀልኩት። ሁለተኛውን ለማስነቀል ጊዜ አጣሁ። ሚያዝያ ላይ የበልጉ ዝናብ ሲጥል፣ ደርቋል ያልኩት ግንድ ከሥሩ አቆጠቆጠ። ኒም እንዲህ ነው፤ ቢቆረጥም መልሶ ያበቅላል። ያኛውንም ሁለት ወር ብታገሠው ኖሮ! እባካችሁ፣ አንድ ክረምት ሳያልፍ ኒም ሞተ ብላችሁ አትንቀሉ።

እንግዲህ የቃል ፈቃድ አትቀበሉ። ማመልከቻ ጻፉ፣ የዛፉን ብዛትና ቦታ ጥቀሱ፣ ማህተም ይደረግበት። ቁፋሮ ሲጀመር ቢሮ ከመሮጥ ፎርማኑን እዚያው ያዙት። ከግንዱ ሁለት ሜትር እንዲርቅ፣ ካልሆነም በሥሩ ሥር ሹልክ አድርገው ቧንቧውን እንዲያሳልፉ ለምኑት። ስትተክሉ ደግሞ ወደ ላይ እዩ፤ የመብራት ሽቦ ካለ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

በክረምት ዘመቻ ብዙ ትከሉ ይባላል። እኔ ግን ድሬ ላይ በጋውን ሙሉ ልታጠጡ የምትችሉትን ያህል ብቻ ትከሉ እላለሁ። ዝናቡ መስከረም ላይ ጥሎን ይሄዳል፤ ችግኝ የሚሞተው ከዚያ በኋላ ነው።

ያልተነካው ኒም ሥር አሁን አንዲት ጎረቤቴ ቡና ታፈላለች። ከሰዓት በኋላ የባጃጅ ልጆች ጥላው ውስጥ ይቆማሉ። በተነቀለው ቦታ ሌላ ተክያለሁ። የዚህኛውን ማህተም ያለበት የፈቃድ ደብዳቤ ከቤቱ ካርታ ጋር አንድ ላይ አስቀምጬዋለሁ።