ሌንስ ወይስ ቀዶ ሕክምና? ከኬራቶኮነስ ጋር ለሚኖሩ

ኬራቶኮነስ፣ ማለትም የዓይን የፊት ሽፋን እየሳሳ የሚሾልበት ሕመም፣ እንዳለበት የተነገረው ሰው ከሐኪሙ ክፍል ሲወጣ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ በዓይን ላይ የሚደረገውን ሌንስ ልጠቀም ወይስ ቀዶ ሕክምና ላድርግ? እኔም ጠይቄዋለሁ፤ አሁን ደግሞ አዲስ አበባ የሚኖረውና በ17 ዓመቱ ይኸው ሕመም የተገኘበት የእህቴ ልጅ በስልክ ይጠይቀኛል። ከሕመሙ ጋር ብዙ ዓመታት ከኖርኩ በኋላ የደረስኩበት እምነት፣ ጥያቄው በዚህ መልኩ ሲቀርብ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን ያደባልቃል የሚል ነው። አንደኛው ጉዳይ ሕመሙ እንዳይባባስ ማስቆም ሲሆን ሁለተኛው አጥርቶ ማየት ነው። ሌንስ የሚረዳው በሁለተኛው ብቻ ነው፤ ቀዶ ሕክምና የምንለው ደግሞ ዓላማቸው የተራራቀ በርካታ ሕክምናዎች በጅምላ የሚጠሩበት ስም ነው።

ኮርኒያ፣ በአገራችን በተለምዶ የዓይን ብሌን የሚባለው፣ ከዓይናችን ፊት የሚገኝ መስታወት የመሰለ ሽፋን ነው። ጤናማ ሲሆን የመሃሉ ውፍረት 540 ማይክሮን ገደማ፣ ማለትም ከግማሽ ሚሊሜትር ጥቂት ያለፈ ነው። በኬራቶኮነስ ጊዜ መሃሉ ወይም ከመሃሉ ዝቅ ያለው ክፍል እየሳሳ ይሄድና ወደ ፊት ይሾላል። ብርሃን በእንዲህ ያለ ወጣ ገባ ገጽ ሲያልፍ በአንድ ነጥብ ላይ ስለማያርፍ የሚታየው ነገር ይደራረባል፤ መነጽርም ቢሆን ይህን ዓይነቱን መዛባት ከተወሰነ ደረጃ በላይ ማቃናት አይችልም። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና ይጀምርና እስከ 30ዎቹ አጋማሽ፣ አንዳንዴም እስከ 40 ዓመት ድረስ ሊገፋ ይችላል።

በእኔ ላይ መጀመሪያ የታወቀው በንባብ ነበር። እያንዳንዱን ፊደል ደብዘዝ ያለ ጥላ ከሥሩ ይከተለው ነበር፤ የአማርኛ ፊደል ደግሞ በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ድምፁ የሚለወጥ ስለሆነ ጥላው ከቅጥያው ጋር እየተምታታ ያስቸግረኝ ነበር። የ«ቡ» ቅጥያ ጥላው ወደ እግሩ ሲወርድ «ቢ» ይመስላል፤ «ሙ»ና «ሚ»ም እንደዚሁ ይሆናሉ፤ ስለዚህ አንድን ዓረፍተ ነገር ከማንበብ ይልቅ ከትርጉሙ እየገመትኩ መሄድ ለመድኩ። ማታ ማታ የመኪና መብራት ረጅም ጅራት ያወጣል። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ በዚህ ክፍለ ግዛት ያለ ገደብ መኪና ለመንዳት የሚጠየቀው የማየት አቅም 20/40፣ ማለትም ጤናማ ዓይን ከ40 ጫማ የሚያየውን ከ20 ጫማ ማየት፣ ሲሆን በመነጽር እዚያ መድረስ አልቻልኩም። መነጽሬን ደጋግሞ ከመቀየር ወጥቼ ቶፖግራፊ ወደሚባለው ምርመራ የተላክሁት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ምርመራ የኮርኒያውን ገጽ እንደ ካርታ በቀለም ለይቶ የሚያሳይ ነው፤ በእኔ ካርታ ላይ ከመሃሉ በታች ያለው ቦታ በሁለቱም ዓይን ቀይ ነበር፤ የግራው ግን እጅግ ይብስ ነበር።

ሕመሙን በማስቆም ረገድ ምርጫው ያን ያህል የሚያከራክር አይመስለኝም። ክሮስ ሊንኪንግ የሚባለው ሕክምና በጀርመን ድሬስደን ከተማ የተፈለሰፈ ሲሆን በታካሚዎች ላይ የተገኘው የመጀመሪያ ውጤት የታተመው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የፈቀደው ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። በመደበኛው አሠራር ዓይን በጠብታ ከደነዘዘ በኋላ የኮርኒያው የላይኛው ስስ ሽፋን ተፍቆ ይነሣል፤ ከዚያም ሪቦፍላቪን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ2፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል እየተንጠባጠበ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ይደረግና ለሌላ ግማሽ ሰዓት አልትራቫዮሌት ብርሃን ይበራበታል። ዛሬ ጊዜውን የሚያሳጥሩ አሠራሮችም አሉ። ቫይታሚኑና ብርሃኑ ሲገናኙ በኮርኒያው ውስጥ ያሉት የኮላጅን ክሮች እርስ በርስ ይበልጥ ይተሳሰራሉ፤ ኮርኒያውም ይጠነክራል።

እኔ በሁለቱም ዓይኖቼ በተለያየ ጊዜ አድርጌዋለሁ። በሕክምናው ሰዓት ሕመም የለውም፤ የሚያምመው ማደንዘዣው ሲለቅ ነው። የተፋቀው ሽፋን እስኪያገግም ድረስ ባሉት ቀናት ዓይን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ እንባ ያለማቋረጥ ይወርዳል፣ የመስኮት ብርሃን እንኳ አይቻልም። ቀጥሎ ባሉት ሳምንታት እይታ ከቀድሞው ይልቅ ይደበዝዛል፤ ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ሕክምናው የከሸፈ ሊመስለውና ሊደነግጥ ይችላል። ከክሮስ ሊንኪንግ በኋላ መነጽርም ሌንስም አያስፈልገኝም ብሎ የሚጠብቅም ያዝናል። ሕክምናው የተበላሸውን ቅርጽ አይመልስም፤ ያለበት ቦታ ላይ ያቆመዋል እንጂ። ያም ሆኖ ለወጣት ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም፤ ምክንያቱም በመደበኛው አሠራር ኮርኒያው ቢያንስ 400 ማይክሮን ውፍረት ሊኖረው ይገባል፤ እየሳሳ ከዚያ ካለፈ ሕክምናው በተለመደው መንገድ ሊሰጠው አይችልም። የሚጠበቅበት እያንዳንዱ ዓመት ከውፍረቱ የሚቀነስበት ዓመት ሊሆን ይችላል።

ለእህቴ ልጅ አጥብቄ የነገርኩትም ይህንኑ ነው። «ጋሼ፣ አንዴ በሌዘር ተሠርቼ ብገላገል አይሻልም?» አለኝ። ጓደኞቹ በሌዘር ታክመው መነጽር ስለጣሉ ሰዎች ነግረውታል። ነገር ግን ያ ዓይነቱ የሌዘር ሕክምና ኮርኒያን እየላጠ ቅርጹን የሚያስተካክል ነው፤ ቀድሞውኑ በሳሳ ኮርኒያ ላይ ሲደረግ ሕመሙን ሊያባብሰው ስለሚችል ኬራቶኮነስ ላለበት ሰው አይሰጥም። ጥሩ ሐኪም ከእንዲህ ያለው ሕክምና በፊት ቶፖግራፊ የሚያዘው አንድም ይህን ሕመም ፈልጎ ለማግኘት ነው። ሁለተኛው ምክሬ ዓይኑን እንዳያሽ ነው። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የዓይን አለርጂ አለበት፤ አቧራው ሲነሣ ዓይኑ ይቀላል፣ ያሳክከዋል፣ በጣቱ መገጣጠሚያ አጥብቆ ያሸዋል። ዓይንን አዘውትሮ ማሸት ከኬራቶኮነስ መከሰትና መባባስ ጋር በጥብቅ የተያያዘ ስለሆነ አለርጂውን በጠብታ ማከም የሕክምናው አንድ አካል እንጂ ተጨማሪ ነገር አይደለም። እናቱ ግን «ወንድም ጋሼ፣ ሲተኛም ያሸዋልኮ፤ ምን ላድርገው?» ትለኛለች። ሐኪሙ ለሌሊት የሚደረግ ጠንካራ የዓይን መከላከያ አዝዞለታል፤ በየምሽቱ የምታስርለት እሷ ናት።

ወደ ሌንሱ ልምጣ፤ የሕይወቴ የዕለት ተዕለት ጉዳይ እሱ ነውና። በ1888 እ.ኤ.አ. በዙሪክ አዶልፍ ፊክ፣ በፓሪስ ዩጂን ካልት ከመስታወት የተሠራ ሌንስ በሰው ዓይን ላይ ሲሞክሩ ከታካሚዎቻቸው መካከል ኬራቶኮነስ ያለባቸው ነበሩ፤ ስለዚህ ኮንታክት ሌንስ ከጅምሩም ለእኛ የታሰበ ነገር ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የተሰጠኝ በኮርኒያው ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ጠንካራ ሌንስ ነበር። እይታን በእጅጉ ያጠራል፤ ነገር ግን በሾለው ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ይፈትጋል፣ ነፋስ ሲነሣና አቧራ ሲገባበት ደግሞ መንገድ ላይ ያስቆማል።

ስክሌራል ሌንስ ከዚህ ይለያል። ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር ስፋት ስላለው የሚያርፈው በዓይን ነጭ ላይ ነው፤ ኮርኒያውን ሳይነካ በላዩ ያልፋል፣ በመካከላቸው ያለውንም ክፍተት መከላከያ ኬሚካል የሌለበት የጨው ውሃ ይሞላዋል። ወጣ ገባውን ገጽ የሚያስተካክለው ይህ ውሃ ነው። ጠዋት ጠዋት እጄን ታጥቤ በደንብ ካደረቅሁ በኋላ ሌንሱን በትንሿ የጎማ መያዣ ላይ አስቀምጬ እስከ አፉ ድረስ በጨው ውሃ እሞላዋለሁ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በተጋደመው መስታወት ላይ አጎንብሼ፣ ፊቴን ከወለሉ ጋር ትይዩ አድርጌ፣ በሁለት ጣት ቆቦቼን ከፍቼ ሌንሱን ከታች ወደ ላይ አመጣዋለሁ። ውሃው ከፈሰሰ ወይም ከዘገየሁ አንዲት የአየር አረፋ ከሥሩ ትቀራለች፤ ያኔ አውጥቶ እንደገና መጀመር ግድ ነው። ሲገባ ግን የግድግዳው ሰዓት ቁጥሮች በአንድ ጊዜ ጥርት ይላሉ። በግራ ዓይኔ በመነጽር የማላነበውን በሌንሱ እስከ 20/30 አነባለሁ።

ሌንሱ የራሱ ሸክም አለው። ከሰዓት በኋላ ውሃው ስለሚደፈርስ አውጥቼ የምሞላበት ቀን ብዙ ነው። በቧንቧ ውሃ ፈጽሞ መታጠብ የለበትም፤ በውሃ ውስጥ የሚኖረው አካንታሚባ የተባለ ረቂቅ ተሕዋስ ኮርኒያን ክፉኛ የሚያጠቃ፣ ለማከምም አስቸጋሪ የሆነ ኢንፌክሽን ያስከትላል። አድርገውት መተኛትም አይገባም። ዋጋው ደግሞ በዚህ አገር ለሁለት ዓይን በሺህ በሚቆጠር ዶላር ይነገራል፤ ኢንሹራንሴ በመጀመሪያ ለመዋብ እንደተጠየቀ ሌንስ ቆጥሮ ክፍያውን ከለከለ፤ የተፈቀደው ሐኪሜ የቶፖግራፊውን ካርታ አያይዞ ሌንሱ ለሕክምና አስፈላጊ መሆኑን ከጻፈ በኋላ ነው። ኢንሹራንስ ያላችሁ ሰዎች የመጀመሪያውን እምቢታ የመጨረሻ አድርጋችሁ አትውሰዱ።

ታዲያ ንቅለ ተከላስ? ሕመሙ እጅግ የገፋበት ሰው የለጋሽ ኮርኒያ ሊተከልለት ይችላል። ኮርኒያ የደም ሥር ስለሌለው ከሌሎች የሰውነት ክፍሎች ይልቅ ሰውነት የሚቃወመው ባነሰ መጠን ነው፤ በኬራቶኮነስ ታካሚዎች ዘንድም ውጤቱ ከሁሉ የተሻለ ከሚባሉት ውስጥ ነው። የራስን የውስጠኛ ሽፋን ሳይነካ የፊቱን ክፍል ብቻ የሚተካ አሠራርም አለ፤ ይህም የመቃወሙን አደጋ ይበልጥ ይቀንሳል። ሆኖም ስፌቱ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ይህን መቃወም የሚገታ የስቴሮይድ ጠብታ ለብዙ ወራት ይወሰዳል፣ መላ ውፍረቱ የተተካ ዓይን በኃይል ቢመታ በስፌቱ መስመር ሊከፈት የሚችልበት ዕድል ለዕድሜ ልክ ይኖራል። ብዙ ሰው ያልሰማው ደግሞ ከንቅለ ተከላ በኋላም አጥርቶ ለማየት መነጽር ወይም ያው ጠንካራ ሌንስ ሊያስፈልግ መቻሉን ነው። ከሌንስ ለመገላገል ብሎ ወደ ንቅለ ተከላ የሚሄድ ሰው ወደ ሌንስ ሊመለስ ይችላል።

እዚህ አሜሪካ የተለገሰ ኮርኒያ ከአገር ውስጥ ፍላጎት አልፎ ወደ ውጭ ይላካል። በኢትዮጵያ በ2003 እ.ኤ.አ. የዓይን ባንክ የተቋቋመ ቢሆንም የሚለገሰው ብሌን ከሚጠብቀው ሰው ቁጥር ጋር የሚመጣጠን አይደለም። ከዚያ ወረፋ ውስጥ በኢንፌክሽን ወይም በአደጋ ምክንያት ምንም የማያይ ሰው አለ። አንድ ወጣት በጊዜው ክሮስ ሊንኪንግ ቢያደርግ ከወረፋው አንድ ሰው ይቀነሳል፤ ስለዚህ ሕክምናው ከዋና ከተማው ውጭ ላሉት ልጆችም እንዲደርስ ከልቤ እመኛለሁ። ከሞት በኋላ ብሌን ለመለገስ ቃል መግባትንም ለምታውቁት ሁሉ ንገሩ፤ ብሌኑ የሚነሣው ሰው ባረፈ በሰዓታት ውስጥ ስለሆነ ቤተሰብ ፈቃዱን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

አንድ ሐኪም በግራ ዓይኔ ንቅለ ተከላ እንዳደርግ መክሮኝ ነበር፤ ሌላ ሐኪም ደግሞ በኮርኒያዬ ላይ ያለው ጠባሳ ቀላል ስለሆነ አስቀድሜ ስክሌራል ሌንስ እንድሞክር ነገረኝ። ሁለተኛውን ተቀበልኩ። ምክንያቴም ሌንስ ካልተስማማ ነገ ሊተው የሚችል ሲሆን የተተካ ኮርኒያ ግን ወደ ኋላ የማይመለስ መሆኑ ነው። ጠባሳው ወደ መሃል ሰፍቶ ሌንሱም እንኳ የማያጠራልኝ ከሆነ፣ ወይም ዓይኔ ሌንሱን ጨርሶ ካልተቀበለ፣ ያን ጊዜ ለንቅለ ተከላው እስማማለሁ። የእህቴ ልጅ ግን ካለፈው ምርመራ ወዲህ በቀኝ ዓይኑ መባባስ ስለታየበት ለእሱ የሌንስ ጥያቄ ገና ቀጥሎ የሚመጣ ነው፤ የኮርኒያው ውፍረት አሁን ለክሮስ ሊንኪንግ ይበቃል፤ ቀጠሮውም ከፈተናው በኋላ እንዲሆን የጠየቀውን እናቱና እኔ አልተቀበልነውም፤ ከፈተናው በፊት ይደረግለታል።