ቆራሌ እምቢ ያለኝ ዕለት

ጳጉሜን 2 ቀን 2017፣ እሁድ ማታ

ዛሬ ቆራሌ እምቢ አለኝ። አንድ ሁለት ዕቃ መልሶልኝ ቢሄድ ምንም አልነበረም። ካወጣሁለት ሩቡን እንኳ አልወሰደም። በዚህ ዕድሜዬ "ይሄስ ይቅርብኝ" የሚል ቆራሌ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው ከበረንዳችን ነው። ቤታችን ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ባለ ሁለት መኝታ። አምስት ሆነን እንኖርበታለን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆችና እማዬ። በረንዳዋ ድሮ ልብስ ማስጫ ነበረች፣ አሁን መጋዘን ሆናለች። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ በሯን ሲገፋት ግማሽ ላይ ቆመች። ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር ደግፏታል። "በዚህ አያያዛችን ቤቱን ለዕቃው ለቀን እኛ ኪራይ እንገባለን" አለና ትቷት ሄደ።

እንቁጣጣሽ አራት ቀን ሲቀረው ግን እኔም ትዕግስቴ አለቀ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዬን አውልቄ ሁሉንም ወደ ሳሎን አወጣሁት።

ቻርጅ የሚደረግ ጁስ መፍጫ፣ ሁለት። አዎ፣ ሁለት። የመጀመሪያው በሦስት ወሩ ሲሞት ተናድጄ ሁለተኛውን ያዘዝኩት ከዚያው ከቴሌግራም ቻናል ነው። (ይሄን እማዬ አታውቅም፤ አንድ ብቻ ይመስላታል።) ጥርሱ የረገፈ ሽንኩርት መክተፊያ። ውሃ ጠጥቶ ያበጠ የችፑድ ጫማ መደርደሪያ። ቆዳ ነው ተብዬ የገዛሁት፣ አሁን እንደ ተቀቀለ ድንች የሚላጥ ቦርሳ። ጎማ የሌላቸው የልጆች መኪናዎች። የስልክ ካርቶኖች፤ ስልኮቹ ከተሰረቁና ከተሰበሩ ዓመታት አልፈዋል፣ ካርቶኑን ምን አስቤ እንዳስቀመጥኩት ግን እግዜር ይወቀው። ፌስታል ደግሞ በፌስታል ውስጥ፣ እሱም በሌላ ፌስታል ውስጥ።

ልክ በዚህ መሀል ከታች "ቆራሌው! ቆራሌ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እሰይ አልኩ። ልጄ በመስኮት ጠራችው፤ ማዳበሪያውን በትከሻው ጣል አድርጎ አራቱን ፎቅ ወጣ። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው።

ቁጢጥ ብሎ አንድ በአንድ እያነሳ ያይ ጀመር። ጁስ መፍጫውን ገልበጥ አድርጎ መዘነው። "እትዬ፣ የዚህ ሞተር አውራ ጣት ነው የሚያክለው። ለሱ ብዬ ይሄን ሁሉ ፕላስቲክ ልሸከም?" ቦርሳውን በጥፍሩ ጫር አደረገውና ሳይናገር አስቀመጠው። የባለቤቴን ጫማ ሶሉን አጠፍ ዘርጋ አደረገ። "ተጣብቆ ነው እንጂ አልተሰፋም። ይሄን ሊስትሮም አይነካው።" መደርደሪያውን ሲያነሳው ጥጉ እጁ ላይ ተፈረፈረ።

"ታዲያ ምኑን ልትወስድ ነው?" አልኩት፤ ትንሽ ከፍቶኛል።

"አይቆጡኝ እትዬ። እኔ የምገዛው ዕቃ ነው። ይሄ እኮ ቆሻሻ ነው።"

እማዬ ሶፋው ላይ ሆና ሳቀች። እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። እነዚያ ነገሮች ሲመጡ ሳጥናቸው ያብለጨልጭ ነበር። ሞተረኛው ደጃፍ ድረስ አድርሶልኝ ጉርሻ ሰጥቼዋለሁ። ልጁ ያላቸው ስም ግን ያን ቀንም ሳይገባቸው አይቀርም።

መጨረሻ ላይ የወሰደው ምንድን ነው? የቻርጀሮቹን ሽቦ፣ አንድ እጀታው የወለቀ የአሉሚኒየም ድስት፣ የድሮ አልጋችንን ብረት፣ ጠርሙሶችና ሃይላንዶች። 160 ብር ሰጠኝ። አልጋውና ድስቱ ደግሞ የኔ አይደሉም፤ እማዬ ከጨርቆስ ስትመጣ ይዛቸው የመጣች ናቸው። ስለዚህ በሕግ ካየነው ብሩም የሷ ነው። እሷም አልካደችም፤ ተቀብላ ጡቷ ውስጥ ወሸቀችው።

ልጁ ከሄደ በኋላ ቡና እያፈላን ስለ ድሮው ሰፈር አወራን። ያኔ ልዋጭ ይመጣ ነበር። "ልዋጭ! ልዋጭ!" እያለ አሮጌ ልብስ ወስዶ በምትኩ ሳህን ወይም ሳፋ ይሰጣል። ለበዓል በግ ሲታረድ ደሙ ሳይደርቅ ቆዳ የሚገዛው ሰው በሩ ላይ ነው። ዘንድሮ ለፋሲካ እዚህ ኮሚናሉ ጋ ያረድነው በግ ቆዳ ሁለት ቀን ሙሉ የሚፈልገው ጠፍቶ፣ ከጎረቤቶቻችን ቆዳ ጋር ገንዳው አጠገብ ሸተተ። እውነተኛው ቆዳ ገንዳ ጥግ ይበሰብሳል፣ እኔ ደግሞ ሐሰተኛውን በብር እገዛለሁ። ይሄን ሳስብ ሳቄ መጣ፤ እማዬ ግን አልሳቀችም፤ የበግ ቆዳ አጎዛ ላይ ተኝታ ያደገች ሰው ናት።

አንድ ነገር ደግሞ ትዝ አለኝ። በአማርኛችን ውስጥ የዕቃ ሁለተኛ ሕይወት ተቀምጧል። ቆሻሻ የምናጠራቅምበትን ጆንያ "ማዳበሪያ" እንለዋለን፤ መጀመሪያ የመጣው ማዳበሪያ ይዞ ስለነበረ። የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ሁሉ "ሃይላንድ" ነው፤ ልጆቼ በዚያ ስም የሚሸጥ ውሃ ቀምሰው አያውቁም፣ ጠርሙሱን ግን እንዲያ ይሉታል። እማዬ አሁንም ምስር የምትለካው በኒዶ ጣሳ ነው። ይዘቱ አልቆ ስሙ የቀረው ዕቃው ስለቀረ ነው። የኔን ጁስ መፍጫ በምን ስም ልጠራው? ለምንም ሳይሆን ነው የሞተው።

እዚህ ላይ ነው ስህተት የሠራሁት። "እናንተ እኮ ብልሆች ነበራችሁ፣ ምንም አትጥሉም ነበር" አልኳት።

ስኒዋን አስቀመጠች። "ደስ ብሎኝ መሰለሽ? አንቺን በጣሳ ሻይ ያጠጣሁሽ ፈልጌ ነው? ዩኒፎርምሽን ሦስት ጊዜ ስጥፈው ዓይኔ እስኪጠፋ ነበር። ገንዘብ ቢኖረኝማ እኔም እገዛ ነበር። አፌን ሞልቼ እገዛ ነበር!"

ዝም አልኩ። እውነቷን ነው። እኛ፣ በተለይ እንዲህ በማስታወሻ የምንጽፈው፣ የእናቶቻችንን እጦት ጥበብ አድርገን ማውራት እንወዳለን። ይቀለናል። እሷ የጠገነችው ሌላ ስላልነበራት ነው። ግን እኔም አንድ የምከራከርበት አለኝ፦ የጠገነችው ነገር የሚጠገን ነበር። ያ ድስት እጀታው በሚስማር ተመቶ ነው ስንት ዓመት ያገለገለን። የኔን ካውያ ግን ባለፈው ከታች ያለው ጠጋኝ ጋ ስወስደው አገላብጦ አይቶ "ይሄ ብሎን የለውም፤ ካልተሰበረ አይከፈትም" አለኝ። ቢከፍተው ደግሞ ዋጋው ለአዲሱ ምንም አይቀረውም። አዲስ ገዛሁ። ምን ላድርግ? አሮጌው በረንዳ ገባ።

ሁሉም ተኝቷል። እኔ ስልኬን ይዤ ተቀምጫለሁ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የምግብ ብክነት ሪፖርት ሳይ ነበር። በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል። ከዚያ ውስጥ 60 በመቶ የሚሆነው የሆቴልና የሱቅ አይደለም፤ የቤት ነው። በአማካይ አንድ ሰው በዓመት 79 ኪሎ ቤቱ ውስጥ ይጥላል። በአምስት አባዛሁት፤ 395 ኪሎ። አራት ኩንታል ሊሞላ 5 ኪሎ!

መጀመሪያ "ኧረ እኛ ቤት የለም" አልኩ። አጥንቱና ልጣጩም እንደሚቆጠር ሳነብ ትንሽ ቀለለኝ። ከዚያ ግን ወጥ ቤት ገብቼ መሶቡን ከፈትኩ። ከታች ያሉት ሦስት እንጀራዎች ሻጋታ ጀምሯቸዋል። ትኩሱ ሲመጣ ከላይ እደርበዋለሁ፣ ሁላችንም ከላይ እናነሳለን፣ የታችኛው ሁልጊዜ የታች ነው። በዚህ የጤፍ ዋጋ! እማዬ ብቻዋን ስትሆን በሁለተኛው ቀን ድርቆሽ ታደርገው ነበር። እኔ ጋ ስትመጣ ተወችው፤ ለምን ብላት "በረንዳችሁ ላይ ማስጫ ቦታ የታለ?" አለችኝ።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ፣ ሩፋኤል

ጠዋት ዝናቡ ጣለ። ልጆቹ ጸበል ነው ብለው ከነፒጃማቸው ወረዱ፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ውጭ ነው። እማዬም ባልዲ አወጣች። ባልዲውን ይዛ ወደ በረንዳ የምታልፍበት መንገድ ስላልነበራት እኔ ትናንት ያወጣሁትን ኮተት ሁሉ ወደ ማዳበሪያ ማጎር ነበረብኝ። ሁለት ማዳበሪያ ሞላ። ፌስታሎቹን ብቻ አስቀረሁ። በዚህ ዓመት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ጸድቋል፤ ማን ያውቃል፣ ነገ ሀብት ይሆኑ ይሆናል። ቀልዴን ነው። የ1999ኙም አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ስስ ፌስታል ይከለክል ነበር፤ ጉሊት ላይ ግን ቃሪያውም ሎሚውም ለየብቻው በስስ ፌስታል ሲጠቀለል ነው የኖርነው።

ማዳበሪያዎቹን ሳስር ቆሼን፣ ያንን የረጲውን የቆሻሻ ክምር፣ አሰብኩ። ከጀሞ ወደ አየር ጤና በቀለበት መንገዱ ስንሄድ ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሳይነጋገር መስኮት ይዘጋል። እኔም እዘጋለሁ። አዲስ አበባ ከ50 ዓመት በላይ እዚያ ስትደፋ ቆይታ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተንዶ ከሥሩ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ሰዎችን ቀበረ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ያኔ ልጄን እርጉዝ ነበርኩ፤ ቴሌቪዥኑን አጥፊው እያሉኝ አየሁ። ያየሁት አፈር አልነበረም። ፌስታል፣ ጨርቅ፣ የጫማ ሶል ነበር። የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ የሁላችንም ነዋ።

በዓመቱ፣ ነሐሴ 2010፣ እዚያው ረጲ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ተመረቀ። ደስ ብሎን ነበር። "በቃ፣ ተገላገልን" ያልኩ ይመስለኛል። ግን የከተማችን ቆሻሻ አብዛኛው የወጥ ቤት ነው፤ ልጣጭ፣ አተላ፣ የሻገተ እንጀራ። እርጥብ ነው። እርጥብ ነገር እንኳን መብራት ሊሰጥ ራሱንም ለማቃጠል ያስቸግራል። ክምር ውስጥ ሲቀበር ደግሞ ጋዝ ይሆናል። የኔ ሦስት እንጀራዎችና የኔ ጁስ መፍጫ በአንድ ማዳበሪያ ሲታሰሩ አንዱ ሌላውን ያበላሻል። አፈር የሚሆነው አፈር አይሆንም፣ የሚነደውም አይነድም። ለይቶ ማስቀመጥ እንዳለብኝ አላውቅም ልል አልችልም። አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ ለይቼ ባስረክብም ጋሪው ላይ ተመልሶ ይቀላቀላል ብዬ። ሰበብ መሆኑንም አውቃለሁ።

አራት ሰዓት ገደማ የቆሻሻ ማኅበሯ ሴትዮ በሩን አንኳኳች። በስሟ አላውቃትም። ይሄው ስንት ዓመቷ፣ በሳምንት ሁለቴ ትመጣለች፣ "ቆሻሻ!" ትላለች፣ እሰጣታለሁ። ክፍያው ከውሃ ሂሳብ ጋር ስለሚቆረጥ በእጄ ሰጥቻት እንኳ አላውቅም። ነጠላ ጫማ አድርጋለች፤ ጋሪዋ ከታች ነው፤ ማዳበሪያውን በጀርባዋ ነው የምታወርደው። ዛሬ ሁለት መሆኑን አይታ አንዱን በእጇ ጨበጥ ጨበጥ አደረገችው።

"እህቴ፣ ስባሪ የለበትም አይደል? ባለፈው ከዚህ ብሎክ የወጣ ብርጭቆ ቆርጦኝ" አለችና መዳፏን አሳየችኝ። ጠባሳው ገና ቀይ ነው።

አፌ ላይ "የለበትም" የሚለው ቃል ደርሶ ነበር። የሁለተኛው ጁስ መፍጫ ብርጭቆ ትዝ አለኝ። ትናንት ወድቆ ለሦስት ሲሰነጠቅ፣ እማዬ ሳታየው ብዬ ቶሎ መሀል ላይ የወሸቅኩት።

"ቆይ" አልኳትና ማዳበሪያውን መሬት አስቀምጬ ቋጠሮውን መፍታት ጀመርኩ። አጥብቄ ነበር ያሰርኩት። እማዬ ከውስጥ "ምን ሆናችሁ ነው?" ትላለች።